የሸረፈዲን ተራ

«ያን ዕለት ምሽት የውሃው ተራ የማን ነበር?»

«የኔ።»

ተከላካይ ጠበቃዋ ፍሬሕይወት እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከፖሊስ ጣቢያው አጥር ውጭ ባጃጆች ጥሩምባ እየነፉ ያልፋሉ። የጠያቂዎቹ ክፍል ግን ጠባብና ጸጥ ያለ ነበር።

«ሸረፈዲን፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጉድጓዱ ጋ አልነበርኩም ስትለኝ ቆየህ።»

«አልነበርኩማ።»

«አሁን ደግሞ ተራው የኔ ነበር አልክ።»

«የኔ ነዋ። ታዲያ የማን ሊሆን ነው?»

«እንግዲያው እዚያ ነበርክ።»

«ጠበቃ፣ እንዴት አድርጌ ልንገርሽ? ተራው የኔ ነው፤ እኔ ግን ቤቴ እያፈጠርኩ ነበር።» በእጁ ፊቱን አበሰ። «ፖሊሱም እንዳንቺው አፍጥጦ አየኝና ‹አመነ› ብሎ ጻፈ።»

ከፍሬሕይወት ኋላ፣ ፋይል ጉልበቷ ላይ አድርጋ የተቀመጠችው ኡሙሃኒ ቀና አለች። የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት የሰነድ ባለሙያ ናት። ሥራዋ ወረቀት ማሰባሰብ፣ በቀን በቀን መደርደርና የጎደለውን መፈለግ ነው። ሰው ፊት መናገር ስለማትወድ እስረኛ ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ትላለች።

«ማን ሊቆምልህ ነበር?» አለች።

ሸረፈዲን ወደ እሷ ዞረ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

«አንቺ የየት ልጅ ነሽ?»

«የጎብዬ፤ እዚሁ ጎረቤት።»

«ለዚህ ነው የገባሽ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ ጥሩወርቅ ነበረች የምትቆምልኝ። ከሰዓት ዱላዬን ሰጥቻት ሄድኩ። አሟት ሳትሄድ መቅረቷን በማግስቱ ጠዋት ነገረችኝ፤ ሌላ ሳንነጋገር እኔ ተያዝኩ። ይህን ግን አትጻፊው።»

«ለምን?»

«ዱላዬ በእጇ ነበር ካልኩ ምን ይሏታል? ሚስቴ ሳቢራ የመጀመሪያ ልጃችንን ስትወልድ ያዋለደቻት እሷ ናት።»

ኡሙሃኒ አልጻፈችም።

የሞቱት ጋሽ አለሙ ናቸው። ከሮቢት በስተምሥራቅ ባለው ሜዳ፣ ሃያ ስድስት ቤተሰብ ሽንኩርቱን የሚያጠጣበት አንድ ጥልቅ ጉድጓድ አለ። እሳቸው የዚያ ጉድጓድ የውሃ አባት ነበሩ፤ ተራ ይደለድላሉ፣ መዝገብ ይይዛሉ፣ ይዳኛሉ። የካቲት ሃያ አምስት ቀን ጠዋት ከሲሚንቶው ገንዳ ሥር የኋላ ጭንቅላታቸው ተፈንክቶ ተገኙ። አጠገባቸው የሸረፈዲን ዱላ ተጋድሟል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓርብ ደግሞ ሸረፈዲን ተራዬ አጠረ ብሎ ሰው ፊት ተጣልቷቸው፣ «አንድ ቀን ውሃው ራሱ ይፋረድዎታል» ብሏቸው ነበር።

ዐቃቤ ሕግ ክስ ለመመሥረት እስከ ማክሰኞ ጊዜ አለው። ያን ቀን ሐሙስ ነበር። ክሱ በግድያ ከተመሠረተ ዋስትና የለም። የሸረፈዲን ሚስት ሳቢራ ደግሞ ልትወልድ ወሯ ገብቷል።

ወደ ውጭ ሲወጡ ፍሬሕይወት፣ «እስቲ አስረጂኝ» አለች። «መቆም የምትሉት ምንድን ነው?»

«የውሃ ባልንጀራ አላቸው። እያንዳንዱ እስላም ቤት ከአንድ ክርስቲያን ቤት ጋር ይጣመራል። በረመዳን፣ በማፍጠሪያ ሰዓት የእስላሙ ተራ ከደረሰ ክርስቲያኑ ሄዶ ያጠጣለታል። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ላይ የክርስቲያኑ ተራ ከደረሰ ደግሞ እስላሙ። ተራው ግን የባለቤቱ ነው፤ መዝገብም ላይ የሚጻፈው የባለቤቱ ስም ነው።»

«ይህን ለምን ለፖሊስ አላስረዱም?»

«ማንም አልጠየቃቸውም። ለእነሱ ደግሞ የሚነገር ነገር አይደለም። ቀኝ እጄ በስተቀኝ ነው ብሎ ቃል የሚሰጥ ሰው አለ?»

*

የውሃ ተራው መዝገብ በኤግዚቢት ክፍል ውስጥ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር። ምርመራውን የያዘው ሳጅን ቢኒያም ከሌላ ዞን ተዛውሮ የመጣ፣ ቁጡ ያልሆነ ሰው ነው። ከረጢቱን ራሱ ለኡሙሃኒ ፈታላት።

«አንብቤዋለሁ እኮ» አለ። «የካቲት ሃያ አራት፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት፣ ሸረፈዲን። ከዚህ የበለጠ ምን ይጻፍ?»

«ነጥቡን አይተውታል?»

«የቱን ነጥብ?»

ኡሙሃኒ በጣቷ አሳየችው። ጋሽ አለሙ በሰማያዊ እስክሪብቶ ነው የሚጽፉት። በአንዳንድ ስሞች ጎን ግን የምስር ፍሬ የምታህል ቀይ ነጥብ አለች።

«ቀለም ፈሶበት ይሆናል።»

«አርባ አንድ ጊዜ አይፈስም።»

የሦስት ወሩን ተራ ቁጭ ብላ በእጇ ገለበጠችው። ሳጅን ቢኒያም ሁለት ጊዜ ወጥቶ ተመለሰ፤ ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ስትጨርስ ወረቀቱን ወደ እሱ አዞረች። እስከ የካቲት አጋማሽ ድረስ ቀይ ነጥቦቹ ያሉት እሑድ ጠዋት ላይ ብቻ ነው፤ ስሞቹም ሁሉ የክርስቲያን ናቸው። ጾሙ ከገባ በኋላ በየዕለቱ የምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተራ ላይ ነጥብ ተጨምሯል፤ እነዚያ ስሞች ደግሞ ሁሉ የእስላም ናቸው። ከእነዚህ ሰዓቶች ውጭ አንድም ነጥብ የለም።

«ሌላ ሰው ሲቆም ነው ነጥብ የሚያደርጉት» አለች። «የመጨረሻውን ይመልከቱ።»

ሳጅኑ ጎንበስ አለ። ከሸረፈዲን ስም ጎን ቀይ ነጥብ ነበረች።

«ይህ ብቻውን ሰው አያስፈታም።»

«አውቃለሁ። የዕቃውን ዝርዝርና የቦታውን ንድፍ ልመልከት?»

ዝርዝሩ ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ «አንድ የወይራ ዱላ፤ ከጫፉ እስከ አንድ ስንዝር ጭቃ የለበሰ፤ ደም ያልተገኘበት።» የሐኪሙ ወረቀት ጉዳቱ የደረሰው «በጠንካራ ጠርዝ» መሆኑን ይናገራል። ንድፉን የሳለው ራሱ ሳጅን ቢኒያም ነው፤ ገንዳው፣ ዋናው ቦይ፣ አስከሬኑ። ከዋናው ቦይ በስተግራ ደግሞ አንዲት አጭር መስመር ወጥታ ትቆማለች።

«ይህቺስ?»

«በአካፋ የተቆረጠች ነገር ነበረች፤ መልሰው በአፈር ደፍነዋታል። ያየሁትን ሁሉ ነው የሳልኩት።»

«ጥሩ አደረጉ» አለች ኡሙሃኒ። ሳጅኑ ምስጋና ይሁን ሌላ ነገር አልገባውም።

*

ዓርብ ጠዋት ሳቢራ ኡሙሃኒን ማሳዋ ዳር ጠበቀቻት። ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ ነው የቆመችው።

«ጉድጓዱን ፖሊስ ካሸገው በኋላ ለሁለት ሳምንት አልተከፈተም» አለች። «የሁሉም ሽንኩርት ነደደ። ጋሽ አለሙ ከመሞታቸው አንድ ሁለት ቀን ቀድሞ ውሃ ያገኘ ብቻ ነው የተረፈው። የኛም እንደምታይው ነው።»

ኡሙሃኒ አየች። ማሳው አሥራ ስድስት መደብ ነው። አሥራ ሁለቱ ላይ ቅጠሉ እንደ ገለባ ተኝቷል። ወደ ቦዩ የሚቀርቡት አራቱ መደቦች ግን አረንጓዴ ናቸው።

«እነዚህስ?»

«አላህ ያውቃል። እኔ እንጃ። ያን ምሽት ማንም አላጠጣም ተብሏል።» «አንቺ ፊደል ቆጥረሻል። በናትሽ ንገሪኝ፤ ይፈቱታል?»

«ገና ነኝ» አለች ኡሙሃኒ። ከማሳው ወሰን አልፋ የጎረቤቱን ማሳ ዳር ዳሩን ተራመደች። እዚያም የደረቀ ሽንኩርት ነው፤ መካከል ላይ ግን አራት መደብ አረንጓዴ አለ።

«ይኼ የማን ነው?»

«የአንዷለም። የእትዬ ጥሩወርቅ ወንድም ነው፤ ከእሷው ጊቢ ነው የሚኖረው።»

ኡሙሃኒ የገለበጠችውን ተራ አወጣች። አንዷለም ለመጨረሻ ጊዜ ውሃ ያገኘው የካቲት አሥራ አምስት ነው፤ ጋሽ አለሙ ከመሞታቸው ዘጠኝ ቀን በፊት።

የሞተሩ ጠባቂ ሙሀመድሰይድ ከሞተር ቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ነበር። ስትቀርበው አልተነሳም።

«ፖሊስ ጠየቀኝ፣ ሽማግሌ ጠየቀኝ፣ አሁን ደግሞ መንግሥት ሴት ላከ» አለ። «ጠይቂ።»

«ያን ምሽት የት ነበሩ?»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ሞተሩን አስነስቼ ለጋሽ አለሙ ትቼላቸው ወጣሁ። መስጊድ አፈጠርኩ፤ አሥራ አምስት ሰው ምስክሬ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተመለስኩ። ሞተሩ ቆሟል፤ የሞተር ቤቱ አምፖል ግን ይበራል። ጋሽ አለሙ አጥፍተውት ቤታቸው ገብተዋል ብዬ ቆልፌ ሄድኩ። ገንዳው ጨለማ ነበር። በባትሪ ባበራበት ኖሮ …» አቋረጠ።

«መብራት ሄዶ ቢሆንስ?»

«መብራት የሄደ እንደሆነ ቢመለስም ሞተሩ ቁልፉን ካልተጫኑት አይነሳም። ስለዚህ እኔ ማወቂያ የለኝም። የመንደሩ መብራት ግን አልጠፋም ነበር፤ ስናፈጥር በርቶ ነው ያመሸው።»

«የሞተሩና የመንደሩ መስመር አንድ ነው?»

«የለም፣ ለየብቻ ነው።»

«ጋሽ አለሙ ቀዩን ነጥብ መቼ ነው የሚያደርጉት?»

ሙሀመድሰይድ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አያት። «ነጥቡን ማን ነገረሽ? የሚቆመው ሰው መጥቶ፣ ዱላው ተተክሎ፣ ውሃው ሲለቀቅ ነዋ። ጋሽ አለሙ ውሃ ሳይለቁ ቀለም አይነኩም።»

«ዱላው ተተክሎ?»

«ከቦዩ አፍ። የባለተራው ዱላ ከተተከለ ውሃው የሱ ነው፤ የሚያልፍ ሁሉ አይቶ ያውቃል። ቆሞ የሚያጠጣው ማንም ይሁን ማን ዱላው የባለቤቱ ነው።»

«ማንም ይሁን ማን ሲሉ፣ እኔ ዱላ ይዤ ብመጣ ይለቁልኛል?»

«አንቺን ያባርሩሻል» አለና ሊስቅ ዳዳው። «ከባልንጀራው ቤት ያልሆነ ሰው አይቆምም።»

*

ጥሩወርቅ በአንድ ጊዜ ያረጀች የምትመስል፣ ሃምሳ ዓመት የሞላት ሴት ናት። ከጊቢዋ ግራር ጥላ ሥር ለኡሙሃኒ በርጩማ ሰጠቻትና ራሷ ቆመች። ወንድሟ አንዷለም አካፋውን ከግድግዳው አስደግፎ መጣ።

«እሷን አታድክሚያት፤ ከበሽታ የተነሳች ናት። እኔን ጠይቂኝ» አለ።

«እርስዎ ያን ምሽት ጉድጓዱ ጋ ሄደው ነበር?»

«ኧረ አልደረስኩም። ቤት ነው ያመሸሁት።»

«እንግዲያው ሸረፈዲን ራሱ ሄደ ማለት ነው?»

«ሌላ ማን ይሄዳል? ዱላው የሱ፣ ተራው የሱ። ሳያፈጥር ቸኩሎ ሄደ። ምን ያደርግለታል፤ ገና ተራውን እንኳ ሳይጨርስ ሞተሩ ሁለቴ አንገራግጮ ራሱ ቆመበት። ከዚያ በንዴት ሽማግሌውን …» ራሱን ነቀነቀ። «ልጁ ክፉ አልነበረም። ውሃ ነው ሰውን የሚያከፋው።»

ኡሙሃኒ ቀና ሳትል ትጽፍ ነበር።

«ማሳዎ ላይ አራት መደብ አረንጓዴ አየሁ።»

«በጀሪካን አመላልሼ ነው። ሰው ሁሉ እንዲደርቅበት ተፈርዶበታል እንዴ?»

«አይደለም። እኛ ጋ ደንብ አለ፤ የጻፍኩትን አነባለሁ፣ የተናገረው ሰው ይፈርማል።»

ቃል በቃል አነበበችለት። አንዷለም ግንባሩን ቋጥሮ ሰማት፤ «ልክ ነው» አለና ፈረመ።

ጥሩወርቅ እስከ ጊቢው በር ሸኘቻት። እዚያ ስትደርስ በሩን ከኋላዋ ገርበብ አደረገችው።

«ልጄ፣ እሱ ምን አለ? ሸረፈዲን። ስሜን አንስቶ ነበር?»

«እንዳልጽፈው ለመነኝ።»

ጥሩወርቅ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች። «ያን ዕለት ከሰዓት ትኩሳቱ ጣለኝ። ዱላውን እዚህ በር ላይ እንዳስደገፍኩት ጎረቤቴ በባጃጅ ሮቢት ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ማታ ስመለስ ዱላው የለም። አለመሄዴን ሰምቶ ራሱ መጥቶ ወስዶታል ብዬ አሰብኩ። ይህን ከተናገርኩ እሱ እዚያ እንደነበር መሰከርኩበት ማለት ነው። ስለዚህ ዝም አልኩ።»

«እሱም ያንቺን ስም ላለማንሳት ዝም ብሏል።»

ጥሩወርቅ በሩን ይዛ ቆማ ቀረች።

*

ቅዳሜ ጠዋት የመብራት ጽሕፈት ቤቱ ለኡሙሃኒ ባለ ሦስት መስመር ደብዳቤ ሰጣት። የካቲት ሃያ አራት ወደ ጉድጓዱ የሚሄደው መስመር ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከአምስት እስከ አንድ ሰዓት ከሃያ ተቋርጧል። የመንደሩ መስመር አልተቋረጠም። ከጤና ጣቢያው ደግሞ ጥሩወርቅ በፈቃዷ የካርዷን ቅጂ አስወጣችላት፤ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገብታ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ከሩብ ወጥታለች።

ፍሬሕይወት ወረቀቶቹን ሁለት ጊዜ አነበበች።

«እኛ ተከላካይ እንጂ ከሳሽ አይደለንም» አለች። «ጥርጣሬ ከፈጠርን ይበቃናል።»

«ጥርጣሬ ብቻ ከፈጠርን ሸረፈዲን ይፈታና መንደር ይገባል። ሰው ሁሉ ግን እሱ ነው እያለ ይኖራል። ውሃ የሚቆምለት ሰው አያገኝም።»

ፍሬሕይወት ስልኳን አንስታ ዐቃቤ ሕጉ ጋ ደወለች።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም ከገንዳው አጠገብ ተሰበሰቡ፤ ዐቃቤ ሕጉ፣ ፍሬሕይወት፣ ሳጅን ቢኒያም ከሁለት ፖሊሶች ጋር፣ ሙሀመድሰይድ፣ ጥሩወርቅ፣ አንዷለም፣ ሳቢራ። የመንደሩ ሽማግሌ ሸህ ይመር ምርኩዛቸውን ተደግፈው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ኡሙሃኒ ወረቀቷን በሁለት እጇ ያዘች።

«ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፣ ልጄ» አሉ ሸህ ይመር። «ጆሮዬ ደክሟል።»

«እሺ አባባ። ከመዝገቡ ልጀምር። ተራው የሸረፈዲን ነበር፤ እሱም አልካደም። ከስሙ ጎን ግን ቀይ ነጥብ አለ። ጋሽ አለሙ ነጥቡን የሚያደርጉት የሚቆመው ሰው መጥቶ ውሃ ሲለቀቅ ነው። ስለዚህ ያን ምሽት ሌላ ሰው ቆሟል፤ ሸረፈዲን አልነበረም።»

«ልክ ነው» አሉ ሸህ ይመር።

ሳጅን ቢኒያም፣ «ዱላውስ?» አለ። መልሱን እያወቀ ሌሎቹ እንዲሰሙ ነበር የጠየቀው።

«ዝርዝሩ ላይ እርስዎ እንደጻፉት ጫፉ አንድ ስንዝር ጭቃ አለበት፤ ተተክሎ ነበር። ደም የለበትም። ሐኪሙ ደግሞ ጉዳቱ በጠርዝ ነው ብሏል። ዱላ ጠርዝ የለውም።» የሲሚንቶውን ገንዳ ጠርዝ ተመለከተች። ሁሉም አብረዋት ተመለከቱ። «ጋሽ አለሙ የወደቁት እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ዱላውን ከቦዩ አፍ ነቅሎ አጠገባቸው አጋደመው።»

ሳቢራ ድንጋይ ፈልጋ ተቀመጠች።

«ከባልንጀራው ቤት ያልሆነ ሰው አይቆምም። ያ ቤት የእትዬ ጥሩወርቅ ነው። እሷ በዚያ ሰዓት ጤና ጣቢያ ተኝታ ነበር፤ ካርዱ ይኸው። በዚያ ጊቢ የሚኖር ሌላ ሰው አንድ ብቻ ነው።»

«ቤት ነበርኩ ብያለሁ» አለ አንዷለም።

«ብለዋል። አሁን ወደ ሽንኩርቱ እንምጣ። ሙሀመድሰይድ፣ ይህ ጉድጓድ በሰዓት ስንት መደብ ያጠጣል?»

«ስምንት።»

«ሞተሩ ከአሥራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት ከአምስት ሠርቷል፤ ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ስለዚህ ስምንት መደብ መጠጣት ነበረበት። የሸረፈዲን ማሳ ላይ የተረፈው አራት ነው። የቀረው አራት የት ሄደ? ሳጅን፣ ንድፍዎን ያሳዩአቸው።»

ሳጅን ቢኒያም ወረቀቱን ዘረጋ። አጭሯ መስመር ከዋናው ቦይ ወጥታ ወደ ግራ ትሄዳለች። በስተግራ ያለው የአንዷለም ማሳ ነው። መካከሉ ላይ አራት መደብ ከቆሙበት ይታያል።

«በጀሪካን ነው ብያታለሁ፤ ፈርሜያለሁ።»

«ሌላም ነገር ፈርመዋል።» ኡሙሃኒ ወረቀቱን ገለጠች። ጮክ ብላ አነበበች። «‹ገና ተራውን እንኳ ሳይጨርስ ሞተሩ ሁለቴ አንገራግጮ ራሱ ቆመበት።› ሙሀመድሰይድ ሲመለስ መብራቱ መጥቶ ነበር፤ ጋሽ አለሙ ያጠፉት መስሎታል። ፖሊስም እንዲሁ ነው የጻፈው። በመንደሩ መብራት አልጠፋም። ሞተሩ ራሱ መቆሙን እስከ ቅዳሜ ድረስ የሚያውቅ አልነበረም። እርስዎ ግን ዓርብ ዕለት ነገሩኝ። ሲያንገራግጭ የሚሰማው እዚህ የቆመ ሰው ነው።»

አንዷለም ወደ ወረቀቱ እንጂ ወደ እሷ አላየም።

«ሞተር ሁሉ ሲቆም ያንገራግጫል» አለ።

«የለም» አለ ሙሀመድሰይድ። «በቁልፍ ሲያጠፉት ዝም ነው የሚለው።»

ጥሩወርቅ ከቆመችበት ተንቀሳቀሰች። ወደ ወንድሟ ሁለት እርምጃ ቀረበች።

«ማታ ከሐኪም ቤት ስመለስ እግርህን ትታጠብ ነበር» አለች። «ከየት መጣህ ብዬ አልጠየቅኩህም። ትኩሳት ላይ ነበርኩ።»

«እቱ …»

«እስከ ጉልበትህ ጭቃ ነበር።»

አንዷለም ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ያዘው።

«አንቺን ብዬ ነው የሄድኩት። ዱላውን በር ላይ አየሁት፤ ልቁምለት ብዬ ነው» አለ። «ሽንኩርቴ ሊደርቅ ነበር። ተራዬ ገና ነው። ትንሽ ብትሄድ ማን ያውቃል አልኩ። ሞተሩ ሲቆም አለሙ ቦዩን ሊያይ ወረደ፤ የቆረጥኩትን አገኘው። ‹በቆምክበት ውሃ ሰረቅህ፤ ስምህን ከመዝገብ እፍቀዋለሁ› አለኝ። ከመዝገብ ከተፋቅኩ ምን ቀረኝ? ገፋሁት። መግፋት ብቻ ነው።»

«ዱላውስ?» አለች ኡሙሃኒ።

ሸህ ይመር በምርኩዛቸው መሬቱን አንድ ጊዜ መታ አደረጉ።

«መግፋቱ የሸይጣን ነው እንበል» አሉ። «ዱላውን የነቀልከው ግን አስበህ ነው። ባልንጀራ ለቤትህ የሰጠውን ዱላ።»

ሳጅን ቢኒያም ወደ አንዷለም ተጠጋ። አንዷለም ሳይናገር ሁለት እጁን አንድ ላይ አድርጎ ሰጠው። ሲያልፍ ጥሩወርቅን አላያትም፤ እሷ ግን መኪናው አስፋልቱ ላይ እስኪወጣ ድረስ አየችው።

ሳቢራ ተነሥታ ወደ ጥሩወርቅ ሄደች። ምን እንዳለቻት ሌላ ሰው አልሰማም።

ዐቃቤ ሕጉ ማክሰኞ ዕለት ሸረፈዲንን በሚመለከት የምርመራ መዝገቡን ዘጋ፤ ረቡዕ ከሰዓት ሸረፈዲን ተፈታ። ዱላው ለአዲሱ ምርመራ ስለሚያስፈልግ አልተመለሰለትም። ኡሙሃኒ ፋይሉ ውስጥ ያሉትን ገጾች ቆጥራ፣ ቁጥሩን ሽፋኑ ላይ ጽፋ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው።

በሚቀጥለው እሑድ የጠዋቱ የውሃ ተራ የጥሩወርቅ ነበር። እሷ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ሸረፈዲን ዱላዋን ከቦዩ አፍ ተክሎ ቆመላት፤ መዝገቡን የተረከቡት ሸህ ይመር ውሃው እስኪለቀቅ ጠብቀው ከስሟ ጎን ቀይ ነጥብ አደረጉ።